ደዌው ብዙ፥ ሕሙሙ አንድ
ሥር የሰደዱ ሕመሞች የተደራረቡባቸውን ሰዎች የመርዳት ልማድና ታሪክ በኢትዮጵያ

መግቢያ

የአንድን ሕዝብ ጠባይ ለመመርመር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በሠርጉ፥ በልቅሶው፥ በእርሻውና በዳኝነቱ ላይ ነው። ሕመምተኛ የሚተኛበት መደብ ግን ከቤት ጥግ ያለ ነገር ስለ ሆነ ከተመራማሪው ዓይን ይሰወራል። ይሁን እንጂ ሰው ለሰው ያለው ፍቅርም ሆነ ጭካኔ፥ የዘመድነት ወሰንም ሆነ የጎረቤት ግዴታ እንደዚያ መደብ አጠገብ ተገልጦ የሚታይበት ስፍራ የለም። ለሦስት ቀን የታመመውን ሁሉም ይጠይቀዋል። ለሦስት ዓመት የታመመውን ግን ማን ይጠይቀዋል? ለሠላሳ ዓመት የታመመውንስ?

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ሦስተኛውን ነገር ነው። ሕመም ሁሉ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው እንደ ንዳድና እንደ ፈንጣጣ ድንገት መጥቶ ወይ የሚገድል፥ ወይ የሚለቅ ነው። ሁለተኛው ሥር ሰድዶ ከሰውየው ጋር አብሮ የሚኖር፥ የማይገድልም የማይለቅም ነው። ከዚህም ከሁለተኛው ወገን የከፋው ሁለትና ሦስት ሆኖ በአንድ ሰው ላይ ሲደራረብ ነው። ዛሬ በከተማም በገጠርም ስኳርና የደም ግፊት፥ የልብ ድካምና የኩላሊት ሕመም፥ ኤች አይ ቪና የሳንባ ነቀርሳ በአንድ አካል ላይ ተጎራብተው ይገኛሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ሐኪሞች ዘንድ እንኳ ይህ ነገር ራሱን የቻለ ስም ያገኘው በቅርቡ ነው፤ አሜሪካዊው ሐኪም አልቫን ፋይንስታይን ከዋናው ደዌ ጋር አብሮ ለሚኖረው ሌላ ደዌ መጠሪያ ያወጣለት በ1970 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነበር። ከዚህ በኋላ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የምናስረዳው ዋና ነገር በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። የቀድሞው ልማዳችን ደዌውን ማዳን ቢሳነውም ሕሙሙን እንደ አንድ ሰው ይይዘው ነበር፤ አዲሱ ሕክምና ደዌውን በያይነቱ ለይቶ ድል መንሣት ሲችል ሕሙሙን ግን በየደዌው ከፋፈለው። የዛሬው ችግር እነዚህን ሁለቱን እንደ ገና ማገናኘት ነው።

ማስታመም የሚባለው ሥራ

በአማርኛችን «መታመም» ከሚለው ቃል «ማስታመም» የሚለው ወጥቷል። አስታማሚ ማለት መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አይደለም፤ ከሕመምተኛው ጋር ሕመሙን የሚይዝ፥ የሚያነሣና የሚጥል፥ የሚያጥብና የሚያጎርስ፥ ሌሊት ሲያቃስት የሚነቃ ነው። ሐኪሙ ወጌሻም ይሁን ደብተራ፥ መድኃኒት ዐዋቂም ይሁን ባለ ጠበል፥ መጥቶ ይሄዳል። የማይሄደው አስታማሚው ነው። አስታማሚዋም በአብዛኛው ሴት ናት፤ ሚስት፥ እናት፥ እኅት፥ ያላገባች ወይም ከባሏ የተፋታች ልጅ።

እውነቱን ለመናገር የጥንቱ ሕክምናም በዐይነት የተከፋፈለ ነበር። የተሰበረውን የሚጠግነው ወጌሻ ነው፤ ለኮሶው ኮሶ ይጠጣል፤ ለቁርጥማት ፍል ውሃ ይወረዳል፤ ለመንፈስ ደዌ ክታብ ይታሰራል። ማርሴል ግሪዮል በጎጃምና በጎንደር አካባቢ ተዘዋውሮ ካጠና በኋላ ያሳተመው የደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ፥ እንዲሁም ስቴፋን ስትሬልሲን ያጠናቸው የብራና የመድኃኒት መጻሕፍት እንደሚያሳዩት፥ መድኃኒቱ የተጻፈው በየደዌው ስም ነው። ለዚህ ሕመም ይህ ሥር፥ ለዚያኛው ያ ቅጠል ይላሉ እንጂ ሦስቱም ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ ምን እንደሚደረግ አይናገሩም። እንግዲህ ልዩነቱ ከመድኃኒተኛው ዘንድ አልነበረም። ልዩነቱ ከቤቱ ነበር። የትኛው መድኃኒተኛ አስቀድሞ እንዲጠራ፥ ጠበሉ ከቅጠሉ በፊት ይሁን ወይም በኋላ፥ ገንዘቡ ከየት እንዲመጣ፥ ሕመምተኛው ምን እንዲበላና ከምን እንዲከለከል የሚወስነው ቤተ ዘመዱ ነበር። ነገሩን ሁሉ በአንድነት የሚያይ ዓይን ነበረ፤ ዕውቀቱ ግን ጥቂት ነበር።

ከቤቱ ውጭ ያለው እርዳታም ልክና ሥርዓት ነበረው። ሕመም የያዘው ገበሬ መሬቱ ጦም እንዳያድር ጎረቤቶቹ በደቦ ያርሱለታል፥ ያጭዱለታል። የጽዋ ማኅበርና የሰንበቴ አባላት ወንድማቸው ሲታመም ይጠይቁታል። የንስሐ አባቱ መጥቶ ይጸልይለታል፤ ሕመሙ የጸናበት እንደ ሆነ መጽሐፈ ቀንዲል ይደገምለታል። በወሎ ቅሬ የሚባለው የመንደር ማኅበር ሙታንን ከመቅበር በቀር ሕመምተኛን በወሳንሳ ተሸክሞ እስከ ሐኪም ማድረስ ግዴታው ነው። በእስላሞችም ዘንድ ሕመምተኛን መጠየቅ የሃይማኖት ትእዛዝ ነው፤ በሐድራ ዱዓ ይደረግለታል፥ እንደ ባሌው ድሬ ሼክ ሑሴን ወዳሉ ስፍራዎችም ከሩቅ አገር ሕሙማን ተጉዘው ይሄዳሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ ለዚህ የሚስማማ ነው። የሥር ሰደድ ሕመም ሸክም ለአንድ ቤት ከሚችለው በላይ ስለ ሆነ መንደሩ ተከፋፍሎ ይይዘው ነበር።

ሆኖም ይህን ልማድ ያለ ጉድለት አድርጎ መሳል ታሪክን ማሳሳት ነው። ጥየቃው በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፥ በዓመቱ ይሳሳል። ዘመድ የሌለው፥ ከአገሩ የተሰደደ፥ ልጅ ያልወለደች ሴት ከዚህ ሁሉ እርዳታ ውጭ ናቸው። ለእነዚህ የቀረላቸው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻ ነበር።

ሥጋ ደዌና የቤተ ክርስቲያን ደጅ

አንድ ደዌ ብቻውን ብዙ ደዌ ሊሆን እንደሚችል ከሥጋ ደዌ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። በሽታው ነርቭን ሲጎዳ እጅና እግር ይደነዝዛሉ፤ የደነዘዘው እግር ሳይታወቀው ይቆስላል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፥ ጣት ይቆረጣል፤ ዓይን መክደን ሲያቅተው ይታወራል። እንዲህ ያለው ሰው የቆዳ ሕመምተኛም፥ ቁስለኛም፥ አካለ ስንኩልም፥ ዕውርም ይሆናል።

በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፥ በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሕዝቡ ተለይተው እንደማይኖሩ፥ ብዙ ሰዎችም ስለ ጽድቅ ብለው በገዛ እጃቸው ቁስላቸውን እንደሚያጥቡላቸው በመደነቅ ይናገራል። የሚደነቅበትም ምክንያት ነበረው፤ በዚያን ዘመን አውሮፓ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ከከተማ ውጭ ለይታ ታኖር ነበርና።

ነገር ግን አብሮ መኖር ማለት እኩል መሆን ማለት አልነበረም። ሕመሙ በዘር የሚወርድ ነው ተብሎ ስለሚታመን ከሕሙሙ ቤት ጋር መጋባት ያስፈራ ነበር። በሸዋና በሌላም አገር ላሊበላ ወይም ሐሚና የሚባሉት አዝማሪዎች ሳይነጋ በየደጁ እየዞሩ የሚዘፍኑትና የሚለምኑት፥ ይህን ቢተዉ ሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ስለሚያምኑ እንደ ሆነ በሰፊው የታወቀ ነው። ይህ እምነት የሚያሳየን ደዌው በሕዝቡ አሳብ ውስጥ እንዴት ያለ ፍርሃት እንደ ነበረው ነው። ሕሙሙ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ምጽዋት አያጣም፤ በተዝካር ቀን ይበላል፤ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ሥርዓቱን ያውቃሉ። ከደጁ ወደ ውስጥ፥ ከምጽዋት ወደ ሥራ፥ ከለማኝነት ወደ ትዳር የሚያሻግረው መንገድ ግን እጅግ ጠባብ ነበር።

የዳግማዊ ምኒልክ ሕመም

ሕመም ባለጸጋና ድኻ አይለይም። ይልቁንም በአገራችን ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ረጅም ሕመም የንጉሠ ነገሥቱ የዳግማዊ ምኒልክ ሕመም ነው። በ1898 ዓ.ም ግድም ሕመሙ ከጀመራቸው በኋላ በየጊዜው እየተመላለሰ አካላቸውን አደከመው። በጥቅምት 1902 ዓ.ም የመታቸው ብርቱ ሕመም ደግሞ ሰውነታቸውን ሽባ አደረገው፥ አንደበታቸውንም ያዘው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም እስኪያርፉ ድረስ ሰባት ዓመት ያህል በሕመም ኖሩ።

በዚያ ዘመን በአገሩ የሚገኘው ሕክምና ሁሉ ቀርቦላቸዋል። የአውሮፓ ሐኪሞች መርምረዋቸዋል፤ ጠበልና ጸሎትም ተደርጎላቸዋል። ሐኪሞቹ ግን ከመንግሥታት ፉክክር ጋር የተያያዙ ነበሩና አንዱ ሌላውን አያምነውም፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሽታይንኩለርም ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ ተሰጥቷቸዋል የሚል ወሬ በማስነሣቱ በቤተ መንግሥቱ ትልቅ ሁከት ተፈጠረ። ብዙ ሐኪም በአንድ ሕመምተኛ ዙሪያ መሰብሰቡ ብቻውን ፈውስ እንዳልሆነ፥ የሚያስማማቸው ሰው ካልተገኘ ለሕሙሙ ተጨማሪ መከራ እንደሚሆን ይህ ነገር ያስተምራል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ለርእሳችን ከሁሉ የሚበልጠው የእቴጌ ጣይቱ ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙ ጊዜ እቴጌይቱ በአንድ ወገን አስታማሚ፥ በሌላ ወገን የመንግሥቱን ሥራ የሚመሩ ሆኑ። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም መኳንንቱ በአንድ አሳብ ሆነው ከመንግሥቱ ሥራ እንዲርቁና ባላቸውን በማስታመም ብቻ እንዲወሰኑ ፈረዱ። እንግዲህ በመኳንንቱ ዓይን ማስታመም ምን እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል። ከሥልጣን የምትሻር ሴት የምትላክበት ስፍራ የሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ነበር። ማስታመም ክቡር ሥራ ነው ይባላል፥ ሆኖም እንደ ቅጣት ተሰጠ። እቴጌይቱም ባላቸው እስኪያርፉ ድረስ ከአጠገባቸው ሳይለዩ አስታመሙ፤ ከዚያ በኋላ ወደ እንጦጦ ማርያም ሄደው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም ዐረፉ። በየመንደሩ ስማቸው ሳይጻፍ የቀሩት አስታማሚ ሴቶች ሁሉ ታሪክ በዚህ በአንዲት እቴጌ ታሪክ ውስጥ ሊነበብ ይችላል።

የዛር ማኅበርና የማይድን ሕመም

ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው፥ በተለይም ለሴቶች፥ የቀድሞው ማኅበረሰብ ያዘጋጀው አንድ ሌላ ስፍራ ደግሞ የዛር ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ያወግዙታል፤ እኛም እዚህ የምናነሣው ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ ሳይሆን ሥራውን ለመመርመር ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1924 እና በ1925 ዓ.ም ጎንደር ተቀምጦ መልካም አየሁ በምትባል ባለ ዛር ቤት የሚደረገውን ሥርዓት መዝግቧል። አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግም በጎንደር አገር ያጠናውን መሠረት አድርጎ በ1951 ዓ.ም ባወጣው ጽሑፉ የዛር ቤት ሕሙማንን በቡድን የሚያክም ሥርዓት እንደ ሆነ አስረድቷል።

በዛር ቤት ልዩ የሆነው ነገር ይህ ነው። በዛር የተያዘች ሴት ዛሩ ይለቃታል ተብሎ ብዙ ተስፋ አይሰጣትም። የሚባለው ከዛሩ ጋር ተስማምታ ትኖራለች ነው። ዛሩ የሚወደውን ታውቃለች፥ በተወሰነ ጊዜ ትገብርለታለች፤ እንደ እርሷ ከታመሙት ጋርም ዕድሜ ልኳን ማኅበርተኛ ትሆናለች። ሕመሟ አንድ ዐይነት ብቻ አልነበረም፤ ራስ ምታት፥ የሆድ ሕመም፥ ማዘን፥ መካንነት፥ የሰውነት ድካም ሁሉ በአንድ ስም ተጠርቶ በአንድ ቤት ይታይላት ነበር። መፍትሔው ትክክል ነበር ለማለት አይቻልም፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ሊድን የሚችል ደዌ ሳይታከም ቀርቷል፥ የብዙ ድኻ ገንዘብም ባክኗል። ነገር ግን የማይለቅ ሕመም ያለበት ሰው የሚያስፈልገው ማኅበር፥ ቀጠሮና የአኗኗር ሥርዓት መሆኑን የዛር ቤት ከሆስፒታሉ አስቀድሞ ዐውቆት ነበር።

የዘመናዊ ሕክምና መምጣትና የደዌዎች መለያየት

ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑካን አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኞችን አከሙ፤ ከዚያም የሆስፒታላቸው ሥራ ለዓመታት ቀጠለ። ቀጥሎ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፥ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመንም የቤተ ሳይዳ ሆስፒታል ተሠሩ። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን አስቀድመው በሐረር ስፍራ አዘጋጅተው ነበር፤ በ1920ዎቹም አዲስ አበባ ላይ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተቋቋመ። በ1940 ዓ.ም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ። በ1947 ዓ.ም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን በአንድ ቡድን ማሠልጠን ጀመረ። በ1951 ዓ.ም የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1958 ዓ.ም ደግሞ በዘነበወርቅ ግቢ ለመላው አፍሪካ የሚያገለግል የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ማዕከል ተመሠረተ።

የዚያን ጊዜ የነበረው ትልቁ ጠላት ተላላፊ በሽታ ስለ ነበር ሥራው ሁሉ በየበሽታው መከፋፈሉ ተገቢ ነበር፤ ፍሬውም ታላቅ ሆነ። ስንት ትውልድ የጨረሰው ፈንጣጣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም በባሌ አገር የመጨረሻው ሕመምተኛ ታይቶ ከኢትዮጵያ ጠፋ። እንዲህ ያለው ድል በጠበልም፥ በቅጠልም፥ በዛር ቤትም የሚገኝ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ከዚህ አሠራር ጋር አንድ ልማድ አብሮ ገባ። ለእያንዳንዱ በሽታ የየራሱ ክፍል፥ የየራሱ መዝገብ፥ የየራሱ ሠራተኛ፥ የየራሱ ረጂ አገር ተመደበለት። ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል ሲገባ የሚጠየቀው «ምን ሆነሃል?» ተብሎ ነው እንጂ «ማን ያስታምምሃል?» ተብሎ አይደለም። በዘነበወርቅ አካባቢ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። የሥጋ ደዌ መድኃኒት ተገኝቶ ተሕዋሲው ከብዙዎች አካል ጠፋ፤ በመዝገብም «ድኗል» ተብሎ ተጻፈ። የደነዘዘው እግር ግን መቁሰሉን፥ ዓይኑም መታመሙን አልተወም። ወደ አገሩ ቢመለስ የሚቀበለው ባለማግኘቱ ብዙው ሰው እዚያው በሆስፒታሉ ዙሪያ ሰፈረ፥ ተጋባ፥ ወለደ፥ የእጅ ሥራ ተማረ። ደዌው ካለቀ በኋላ ሕመምተኛው ቀረ። የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ የራሳቸውን አገር አቀፍ ማኅበር ያቋቋሙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ኤች አይ ቪ ያስተማረው ነገር

በ1970ዎቹ ወደ አገራችን የገባው ኤች አይ ቪ ሁለቱን መንገዶች በግድ አገናኛቸው። ቫይረሱ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳም ይይዘዋል፤ በዚያ ላይ ኀፍረቱ፥ የቤት መፍረሱ፥ የልጆች ያለ አሳዳጊ መቅረቱ ይጨመራል። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ቀዳሚዎቹ ረዳቶች ራሳቸው ሕሙማኑ ነበሩ፤ መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበሮቻቸው በ1990 ዓ.ም ግድም ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ወደ አደባባይ ወጡ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ቃል የዚያን ጊዜ በሥራ ተገለጠ። እድሮችም ለመቅበር ብቻ የተቋቋሙ ሆነው ሳለ፥ በየቀኑ ወጣት መቅበር ቢሰለቻቸው ብዙዎቹ ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያለውን ሕመምተኛ መርዳትና በየቤቱ ማስታመም ጀመሩ። በእድር ታሪክ ውስጥ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ለሬሳ የተሰበሰበው ገንዘብ ለነፍስ ዋለ።

የቫይረሱ መድኃኒት በ1995 ዓ.ም በክፍያ፥ ከጥር 1997 ዓ.ም ጀምሮም በነጻ መሰጠት ጀመረ። ዕድሜ ልክ በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚወሰድ መድኃኒት ስለ ሆነ ጤና ጣቢያዎቻችን ያልለመዱትን ሥራ እንዲለምዱ አስገደዳቸው። ለእያንዳንዱ ሰው የሚቆይ መዝገብ፥ የተወሰነ ቀጠሮ፥ የሚመክር ሠራተኛ ተዘጋጀ፤ ራሳቸው መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎችም ሌላውን እንዲያበረታቱና ከቀጠሮ የቀረውን ፈልገው እንዲመልሱ ተቀጠሩ። የዛር ቤት የነበረው ማኅበርተኝነት ያለ ዛሩ፥ የሆስፒታሉም ዕውቀት ከነመድኃኒቱ በአንድ ስፍራ ተገናኙ ማለት ይቻላል።

ከጠበል ጋር የተነሣው ክርክርም መነገር አለበት። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ሊጠመቁ የመጡ እጅግ ብዙ ሕሙማን ሰፍረው ነበር፤ ከነዚህም አንዳንዱ መድኃኒቱን ቢወስድ እምነቱን የካደ እየመሰለው ይተወው ነበር። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እምነትን እንደማይቃወም በአደባባይ አስተማሩ። በጾምም ነገር ያለው ጉዳይ ይህን ይመስላል። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ሕመምተኛው ከጾም ነጻ እንዲሆን ይፈቅዳሉ፤ ሕመምተኛው ግን፥ በተለይም ስኳር ያለበት አረጋዊ፥ ፈቃዱን ለመቀበል ኅሊናው እሺ አይለውም። ስለዚህ የንስሐ አባቱ ወይም የሼኹ አንድ ቃል ከሐኪሙ ዐሥር ምክር የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

የዛሬው ሁኔታ

መድኃኒቱ ሠርቶ ሰዎቹ በሕይወት ቆዩ። ስለ ቆዩም ሸመገሉ። ሲሸመግሉ ደግሞ የደም ግፊት፥ ስኳርና የልብ ሕመም መጣባቸው። ይህም በእነርሱ ላይ ብቻ የሆነ አይደለም፤ በ2007 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ምርመራ ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች መካከል ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከልክ ያለፈ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙውም ሰው ምርመራ እስኪደረግለት ድረስ አላወቀም ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ሦስት ሕመም ያለበትን ሰው እናስብ። ለኤች አይ ቪው አንድ ክፍል አለው፤ በዚያ ይታወቃል፥ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጠዋል። ለስኳሩ ሌላ ቀን፥ ሌላ ሰልፍ፥ ሌላ ካርድ አለው፤ መድኃኒቱንም ሲያጣ ከግል መድኃኒት ቤት ይገዛል። ለልቡ ደግሞ ወደ ትልቅ ከተማ ይላካል። ሦስቱ ሐኪሞች አይተዋወቁም፤ አንዱ ያዘዘው መድኃኒት ከሌላው ጋር ይስማማ እንደ ሆነ የሚያመሳክር ሰው አያገኝም። ከገጠር የሚመጣ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የመኪና ዋጋና የሥራ ቀን ያጣል፤ በመጨረሻም ከሦስቱ አንዱን ይተዋል። የሚተወውም ብዙ ጊዜ የማያሳምመውን ነው፤ የማያሳምመው ግን የሚገድለው ሊሆን ይችላል፤ የደም ግፊት እንዲህ ነውና።

መፍትሔው ከአገራችን ልምድ ውጭ የሚፈለግ አይደለም። ከጎንደርና ከጅማ ሆስፒታሎች የተነሡ ሐኪሞች የስኳር፥ የደም ግፊት፥ የሚጥል በሽታና የልብ ሕመም ያለባቸው የገጠር ሰዎች ወደ ከተማ መመላለስ እንዳያስፈልጋቸው፥ በየጤና ጣቢያው ያሉ ነርሶችን አሠልጥነው ክትትሉን በቅርብ እንዲያደርጉ አስችለዋል። አንዲት ነርስ የብዙ ዐይነት ሕመምተኞችን በአንድ ክፍል ስታይ፥ አንድ ሰው ያለበትን ብዙ ሕመም በአንድ ጊዜ ለማየት መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞችን እስከ ቤት ድረስ አስገብቷል፤ ደጁን የምታንኳኳው ሠራተኛ ደግሞ የምታየው ደዌን ብቻ ሳይሆን ቤትን ነው። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም አሳቡ ከእድር የራቀ አይደለም፤ ሁሉ በየዓመቱ ጥቂት ያዋጣል፥ የታመመው ይታከምበታል። በዓመት ዐሥራ ሁለት ጊዜ ጤና ጣቢያ ለሚመላለስ ሰው ይህ መዋጮ ሕክምናን ከመተውና ካለመተው መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተረሳችው ግን አሁንም አስታማሚዋ ናት። በሆስፒታል አልጋ ሥር ሰሌን አንጥፋ የምታድረው፥ ምግብ ይዛ የምትመላለሰው፥ መድኃኒት ቤት የምትሮጠው፥ ሦስቱን ካርድ በአንድ ላስቲክ ጠቅልላ የምትይዘው እርሷ ናት። ሐኪሞቹ የየድርሻቸውን ሲያውቁ የሕሙሙን ነገር ጠቅልላ የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። ሆኖም የሚያስተምራት የለም፤ ስትደክም የሚተካት የለም፤ ስሟም በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም። ልጆች ወደ ከተማና ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱ፥ ቤተ ዘመድም ሲበተን ይህቺው አንዲት ሴት ደግሞ እየታጣች ነው። የቀድሞው ልማድ በእርሷ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲሱም ሕክምና ሳይናገር የቆመው በእርሷው ትከሻ ላይ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተነገረው ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛው፥ ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ሰው መድኃኒት ግማሽ እርዳታ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሰው ነው። ሁለተኛው፥ ጥንታዊው ልማዳችን በቅሬ፥ በደቦና በጥየቃ የሸክሙን አከፋፈል ያውቅ ነበር፤ ይህ ዕውቀት ግን ዘመድ የሌለውንና የተናቀውን ያገለለ ስለ ሆነ እንዳለ ሊቀዳ አይገባውም። ሦስተኛው፥ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን የተደረገው ክትትል፥ ይኸውም አንድ መዝገብ፥ አንድ ቀጠሮና አንድ የሚያውቅህ ሰው፥ ለሌላው ሥር ሰደድ ሕመም ሁሉ ሊዳረስ የሚችል መሆኑ በራሳችን አገር ታይቷል።

የባህል ተመራማሪ በዚህ ጉዳይ ሥራ የለውም የሚል ካለ ተሳስቷል። ሕዝቡ በየቋንቋው የማይለቅን ሕመም ምን ብሎ እንደሚጠራው፥ በየመንደሩ ሕመምተኛን የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ፥ የእድሮች ደንብ ለሕያው ሕመምተኛ ምን እንደሚፈቅድ፥ አስታማሚ ስትታመም ማን እንደሚያስታምማት ገና ተመዝግቦ አላለቀም። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ፥ ልማዱም ሳይጠፋ ይህን መጻፍ የተማሪዎቻችን ተግባር ነው። ሐኪሙ የደዌውን ስም ይጻፍ፤ የባህል ተመራማሪው ደግሞ የአስታማሚዋን ስም ይጻፍ።